ጆሮ ዳባ ልበስ ያለው መኪና

ሰፈሩ «ጋሼ ዜና» ይላቸዋል። በሬዲዮ ዜና ሲያነቡ ኖረው ጡረታ ቢወጡም ማንበቡን አልተዉም። ልዩነቱ አሁን ወረቀት የሌላቸው መሆኑ ብቻ ነው። ጨው አቀብዪኝ ለማለት እንኳ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ትንሽ ቆም ይላሉ፣ ከዚያ ቃሉን አንድ በአንድ እንደ ሸክላ ዕቃ እያስቀመጡ ይናገራሉ። ጠዋት «እንደምን አደርሽ» ብለው ዝም ሲሉ፣ ባለቤታቸው አርዕስተ ዜናው እስኪከተል ድረስ የሚጠብቁበት ጊዜ ነበር።

ባለቤታቸው የሂሳብ መምህርት ናቸው። ቃል አያባክኑም። አንዳንዴ ሲመርራቸው፣ «አንተ ሰውዬ፣ እኔ እኮ ሚስትህ ነኝ እንጂ ሕዝብ አይደለሁም» ይሏቸዋል። ጋሼ ዜና ይህንን የሚሰሙት እንደ ሙገሳ ነበር።

አንድ ልጅ አለቻቸው። ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው፤ ለመኪና ስክሪን ሶፍትዌር የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ተቀጥራለች። ለእናቷ በየቀኑ ትደውላለች። ለአባቷ የምትደውለው ግን አልፎ አልፎ፣ እሱም ለወጉ ያህል ነው። ስልኩን ሲያነሱ «ጤና ይስጥልኝ፣ በምን ልታዘዝ» ስለሚሏት፣ የራሷ አባት ጋር ደውላ መሥሪያ ቤት የደወለች ይመስላት ነበር።

ጡረታው ለጋሼ ዜና አልጣማቸውም። ዱሮ ዳቦ ቤት ገብተው «ሁለት ዳቦ» ሲሉ የተሰለፈው ሁሉ ዞር ይል ነበር፤ ፊታቸውን የማያውቅ ሰው እንኳ ድምፃቸውን ያውቃል። አሁን ሻጩ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ፣ ቀና ሳይል፣ በጣቱ «ስንት?» ይላቸዋል። እሳቸውም በጣታቸው «ሁለት» ይላሉ። እንዲህ ያለ ቀን ቤት ሲገቡ ምሳ አይበሉም።

መኪናቸው ያገለገለ ቢሆንም ፊት ለፊቱ ላይ ሰፊ ስክሪን አለው። ስልክ በገመድ ሲሰኩበት ካርታውን፣ ዘፈኑን፣ የደወለውን ሰው ስም ያወጣል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩን ሲያስነሱት ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ መጣ። ጋሼ ዜና እንደ ልማዳቸው ጮክ ብለው አነበቡት። «አዲስ ማሻሻያ ዝግጁ ነው። መኪናዎ ከእንግዲህ በራስዎ ቋንቋ ያዳምጥዎታል፣ ያነጋግርዎታል።»

ቀና ብለው ባለቤታቸውን አዩ። «ያዳምጥዎታል ይላል» አሉ፤ ዓይናቸው ውስጥ ከጡረታ ወዲህ ያልታየ ብርሃን ነበረ።

«እንግዲያው ቶሎ በለው፤ ልጅቷም እንዳይዘገይ ብላለች» አሉ መምህርቷ።

ማሻሻያውን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልግ ስለነበረ፣ የቤቱ ዋይፋይ እንዲደርሰው መኪናውን አስጠግተው ከወጥ ቤቱ መስኮት ሥር አቆሙት። በስክሪኑ ላይ አንዲት ሰማያዊ መስመር እየተሳበች ሄደች። ዘጠና ዘጠኝ በመቶ ላይ ስትደርስ፣ የበላይ ፈቃድ እንደሚጠብቅ ዜና ቀጥ ብላ ቆመች። ጋሼ ዜና ይህን ዓይነቱን መጠበቅ ያውቁበታልና እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ። በመጨረሻ ስክሪኑ ጠፋ፣ በራ፣ ከዚያም ከድምፅ ማጉያዎቹ አንድ የወንድ ድምፅ ወጣ።

«እንኳን ደህና መጡ። ምን ልርዳዎት?»

ጋሼ ዜና ፊታቸውን ቋጠሩ። «ይሄ ደግሞ ማነው? ቃል ይጎትታል። ‹ልርዳዎት› ሲል አፉን እንዴት እንደሞላ ሰማሽው? ሊረዳ ሳይሆን ሊፈርድ የመጣ ነው የሚመስለው።»

ባለቤታቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

«ምን ሆንሽ?»

«ጉንፋን ነው።»

«አውቄዋለሁ!» አሉ ጋሼ ዜና። «በኔ ቦታ የተተካው ልጅ ነው። እኔን ለመምሰል ሲጣጣር ነው እንዲህ የሆነው። አየሽ፣ ሰው የሌላውን ልብስ ሲለብስ ትከሻው ላይ ያስታውቃል።» ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ስክሪኑ ዞሩ። «ወደ ማዕከላዊው ገበያ የሚያደርሰውን አጭር መንገድ አመልክት።»

ዝም።

«ወደ ማዕከላዊው፣ ገበያ፣ የሚያደርሰውን፣ አጭር መንገድ።»

መኪናው ጭራሽ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። «አልገባኝም» እንኳ አላለም። ሰው ሲናገር መወዛወዝ የሚገባው በስክሪኑ ጥግ ያለው ክብ ምልክት ንቅንቅ አላለም።

መምህርቷ ዳቦ እያኘኩ ነበር። አፋቸው ሞልቶ፣ ግማሹን ቃል እየዋጡ፣ «እስቲ ገበያ ውሰደን» አሉ።

«እሺ» አለ መኪናው ወዲያው። «ወደ ገበያ የሚወስደውን መንገድ ጀምሬያለሁ።»

መምህርቷ ማኘካቸውን አቆሙ። «ሬዲዮ ክፈት» አሉት ቀስ ብለው።

«እሺ።»

«ዝጋው።»

«እሺ።»

«መልሰህ ክፈተው።»

«እሺ።»

«ምን እየሠራሽ ነው?» አሉ ጋሼ ዜና።

«ምንም፤ እየሞከርኩት ነው» አሉ መምህርቷ። ፊታቸው ላይ ግን የሙከራ ሳይሆን የድግስ መልክ ነበረ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ለጋሼ ዜና የውርደት ቀናት ሆኑ። ድምፃቸውን አጎሉ፣ አለዘቡ፣ ፊደሉን ከፊደል ለዩ። መኪናው ግን አነጋገራቸው በጠራ ቁጥር እየባሰበት ሄደ። ጎረቤት አናጢው አፉ ውስጥ ምስማር ይዞ ቢያዘው ሰማው። አንድ ቀን እንዲያውም የመንገድ ዳር ሎተሪ ሻጭ አንገቱን በመስኮት አስገብቶ «ዕድልዎን ይሞክሩ» ሲል፣ መኪናው «እሺ፣ በመፈለግ ላይ ነኝ» ብሎ መለሰለት። አገር ሙሉ ያዳመጠው ሰው በገዛ መኪናው ውስጥ የሚሰማው አጣ።

በመጨረሻ ጋራዥ ወሰዱት። የሶፍትዌር ክፍሉ ቴክኒሻን ቀልጣፋ ወጣት ናት፤ ላፕቶፗን በክንዷ አቅፋ፣ ጥያቄዎቿን እንደ ውኃ ታንቆረቁራለች። ስልክ አያያዙን ጭምር ስለምትፈትሽ በመኪናው የሚጠቀሙባቸው ስልኮች ሁሉ እንዲመጡ ነግራቸው ነበርና፣ መምህርቷም ስልካቸውን በባላቸው እጅ ልከዋል።

«ስልኩን አጥፍተው አብርተዋል?»

«አድርጌያለሁ።»

«መኪናውንስ?»

«ደጋግሜ።»

«ገመዱን ልየው። አይ ጋሼ፣ ይሄ ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርገው፤ መረጃ አያሳልፍም። ችግሩ እሱ ነው።» ገመዱን ቀየረች። ችግሩ እሱ አልነበረም። ስልኮቹን ከብሉቱዝ ዝርዝር ሰርዛ እንደገና አስተዋወቀቻቸው። «በቃ፣ አሁን ይሠራል» አለች። አልሠራም። ስልካቸው ለመኪናው ድምፅ መቅጃ ፈቃድ አልሰጠ እንደሆነ አየች፤ ሰጥቷል። ጣሪያው ላይ ያለችውን የማይክሮፎን ክዳን ፈታ አቧራውን በትንሽ ብሩሽ ጠረገችና ራሷ ሞከረችው። «ሙቀቱን ቀንስ።»

«እሺ» አለ መኪናው።

«ይኸው ይሠራል! ይሞክሩት ጋሼ።»

«የመኪናውን የውስጥ ሙቀት ዝቅ አድርግ።»

ዝም።

ቴክኒሻኗ ጆሮዋን ከጀርባው አከከች። «ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ ትንሽ ቀለል አድርገው ቢናገሩት? እንደ… እንደ ሰው።»

«እንደ ምን?»

«ማለቴ፣ ቤት እንደሚያወሩት።»

«እኔ ቤትም የማወራው እንዲህ ነው» አሉ ጋሼ ዜና፤ እውነታቸውንም ነበር። «ለመሆኑ ሬዲዮ ትሰሚያለሽ?»

«ኧረ እኔ ሬዲዮ ሰምቼም አላውቅ። ግን ድምፃችሁ ይመሳሰላል።»

«የማንና የማን?»

«የእርስዎና የመኪናው።»

ጋሼ ዜና ወንበሩ ላይ ቀጥ አሉ። በሕይወታቸው ብዙ ነገር ተብለዋል፤ እንዲህ ተሰድበው ግን አያውቁም። «የኔ ልጅ» አሉ፣ «ይህ ሰውዬ ትንፋሽ መውሰድ አያውቅም። ግብዝ ነው። እያንዳንዱን ቃል ሲናገር ራሱን በመስታወት እያየ ነው የሚመስለው። ከቻልሽ ጠቅላላ አውጥተሽ ጣዪልኝ።»

ቴክኒሻኗ ሁሉንም ነገር ደምስሳ ሶፍትዌሩን ከባዶ ጫነችው። ይህም የመኪናውን ጠባይ አልለወጠውም። «ለአምራቹ ጽፌ እጠይቃለሁ፤ መልስ ሲመጣ እደውልልዎታለሁ» ብላ ሸኘቻቸው።

ጋሼ ዜና ወደ ቤት ጉዞ ጀመሩ። የእሳቸውም የባለቤታቸውም ስልክ ከመኪናው ጋር እንደተገናኘ ነው፤ የባለቤታቸው ስልክ ከጎናቸው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ትልቁ አደባባይ ላይ ሲደርሱ ይኸው ስልክ ጮኸ። ስክሪኑ «ልጄ» አለ። ቴክኒሻኗ ከባዶ ስትጭነው፣ መኪናው በሚሄድበት ጊዜ ስክሪኑ በጣት እንዳይታዘዝ የሚያደርገውን መቆለፊያ መልሳ አብርታው ኖሮ፣ ቢነኩት ቢነኩት እምቢ አለ።

«ጥሪውን ተቀበል» አሉ ጋሼ ዜና።

ስልኩ ይጮኻል።

«ጥሪውን፣ ተቀበል!»

ስልኩ ይጮኻል። በዚህ መሐል አንድ የጭነት መኪና ከቀኝ ተወርውሮ ፊታቸው ገባ። ጋሼ ዜና ፍሬኑን ረገጡ፣ ከዚያም ከየት እንደመጣ የማያውቁት፣ ከልጅነት ወዲህ ያላወጡት፣ ቀጭንና ስንጥቅ ያለ ድምፅ ፈነዳባቸው። «ኧረ አንሳው በናትህ! ምን ይገትርሃል!»

«እሺ» አለ መኪናው። የልጃቸውም ድምፅ መኪናውን ሞላው።

«እማዬ! ምነው ስልክ አታነሺም? ስሚ፣ አባዬ ለየው? እስካሁን አልደረሰበትም? ‹ይሄ ማነው ቃል የሚጎትተው› አለ ብለሽ ከነገርሽኝ ጀምሮ በሳቅ እየሞትኩ ነው። የገዛ ድምፁን! ወይኔ… ግን አደራ እንዳትነግሪው። የመጣሁ ቀን ራሴ ነኝ የምነግረው። ያን ሁሉ የድሮ የሬዲዮ ቅጂውን ስሰማ እኮ ነው የከረምኩት። አለቆቼ ለመኪናው ሰው የሚያምነው ድምፅ ፈልጊ ሲሉኝ ከሱ ሌላ ማንም አልመጣልኝም። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ማንም አይሰማኝም ብሎ ሆዱ እንዳይብስ ብዬ… እማዬ? አለሽ?»

ጋሼ ዜና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አባትሽ ነኝ» አሉ፣ በሙሉ ድምፃቸው። «ሁሉንም ሰምቻለሁ።»

«እማዬ? አይሰማም። እማዬ?»

«አባትሽ ነኝ፣ ልጄ።»

«ኤጭ፣ ይሄ መስመር! የሞተር ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማኝ። በኋላ እደውላለሁ» ብላ ዘጋችው።

ጋሼ ዜና ጥግ ይዘው ቆሙ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለውን ተረት ስንት ጊዜ እንዳነበቡት እግዜር ይወቀው፤ የደረሰባቸው ግን ዛሬ ነው። ከዚያ በዚያችው በስንጥቋ ድምፅ፣ እያፈሩ፣ «እስቲ አንድ ነገር በል» አሉት።

«ይቅርታ፣ አልተረዳሁዎትም። እባክዎ ይድገሙት።»

«ድገመው።»

«ይቅርታ፣ አልተረዳሁዎትም። እባክዎ ይድገሙት።»

ሰሙት። ዕድሜ ልካቸውን በቀጥታ ስርጭት ያነቡ ስለነበረ ራሳቸውን ተቀምጠው ሰምተው አያውቁም ነበር። ‹እባክዎ› የሚለው ቃል ውስጥ ልመና የሚባል ነገር የለም፤ ትእዛዝ ነው የክት ልብስ የለበሰ። ጨው ሲጠይቅ የኖረው ይህ ድምፅ ነው። ልጃቸው በሕፃንነቷ ትኩሳት ይዟት ስታለቅስ «ይሻልሻል» ያላትም ይህ ድምፅ ነው። ያን ጊዜ ልጅቷ ይብሱን ጮኻ ወደ እናቷ እንደሸሸች ትዝ አላቸው፤ በወቅቱ ትኩሳቱ ነው ብለው ነበር።

ቤት ሲደርሱ መምህርቷ ጠረጴዛው ላይ ፈተና እያረሙ ነው።

«የኔ ድምፅ ነው አይደል?» አሉ ጋሼ ዜና ከበሩ ሳይርቁ።

መምህርቷ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ማን ነገረህ?»

«ልጅሽ። አንቺ መስዬአት።»

«ተቆጣህ?»

«ሳላውቀው ተሳድቤያለሁ። ግብዝ ብዬዋለሁ ለዚያች የጋራዥ ልጅ።»

«እሱን እንኳ ሰምቼ ቢሆን ደስ ባለኝ» አሉ መምህርቷ። ሳቃቸው ግን አልመጣም፤ የባላቸውን ፊት አይተው ወንበር ሳቡላቸው።

ቁጭ እንዳሉ ስልክ ተደወለ። ቴክኒሻኗ ነበረች። ጋሼ ዜና ባለቤታቸውም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«ጋሼ፣ መልሱ መጥቷል! ከስልኩም ከገመዱም አይደለም። መኪናው የራሱን ድምፅ እንዳያዳምጥ ተደርጎ ነው የተሠራው። አለበለዚያ ራሱ የተናገረውን መልሶ እየሰማ፣ ለራሱ እየመለሰ፣ ቀኑን ሙሉ ከራሱ ጋር ሲያወራ ይውላል። የእርስዎ ድምፅ ደግሞ ከሱ ጋር ቁርጥ አንድ ስለሆነበት፣ ሲናገሩ እኔው ነኝ እያለ ነው የሚሰርዝዎት። በስልክም ሲያወሩ እንደዚያው ያጠፋዎታል። አልኩዎት እኮ ይመሳሰላል!»

«ከራሱ ጋር ሲያወራ እንዳይውል» አሉ መምህርቷ በዝግታ። «አየህ፣ ለመኪና እንኳ ታሰበለት።»

ጋሼ ዜና እንዳልሰሙ ሆኑ። «መፍትሔውስ?» አሉ ወደ ስልኩ።

«ቀላል ነው። የሴት ድምፅ አለ፤ እሱን ስመርጠው ያኛው ይጠፋል። ከዚያ በኋላ እንዳሻዎት ይናገሩ፣ ይሰማዎታል። ራስዎም ድምፁን አውጥተሽ ጣዪልኝ ብለውኝ ነበር። አሁኑኑ ከዚህ ሆኜ ልቀይርልዎ?»

ጋሼ ዜና መልስ ሳይሰጡ መምህርቷ ስልኩን ነጠቁ። «እንዳትነኪው!» አሉ። ቴክኒሻኗም ጋሼ ዜናም ደነገጡ። «እንዳትነኪው የኔ ልጅ። ተጋብተን እዚህ እስክንደርስ ይህ ድምፅ አንድ ቀን እሺ ብሎኝ አያውቅም። ገና አሁን ነው የጀመረው።»

ከስልኩ ማዶ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ጋሼ ዜና ግን አልሳቁም። ባለቤታቸውን ትክ ብለው አዩ። ሊመልሱላቸው አፋቸውን ከፈቱ፣ ጉሮሯቸውን ሊጠርጉ ሲሉም ተዉት።

«ይቆይ» አሉ ለቴክኒሻኗ።

ይቆይ ማለት ቀላል ነው፤ ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነበር። በገዛ ድምፃቸው የሚናገረውን መኪና ለማዘዝ የገዛ ድምፃቸውን መተው ግድ ሆነባቸው። ያቺ አደባባይ ላይ ያመለጠቻቸው ስንጥቅ ድምፅ ደግሞ በፈለጓት ጊዜ አትመጣም፤ በተፈጥሮ መናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ልምምድ የሚጠይቅ ሙያ ሆነ። ጠዋት ጠዋት መኪናው ውስጥ መስኮት ዘግተው ሲያጉረመርሙ ጎረቤት ያያቸዋል። «መስኮት ክፈት… መስኮቱን… ክፈተው እንጂ በቃ።» አናጢው ለመምህርቷ፣ «ጋሼን ሐኪም ቤት ብትወስዷቸው ይሻላል፤ ጡረታ ሰው ይጎዳል» ብሎ በትህትና መከራቸው።

መጀመሪያ ላይ መኪናው ከአሥር አንዴ ነበር የሚሰማቸው። ሲናደዱ ይሰማቸዋል፤ ሲያዛጉ ይሰማቸዋል፤ አንድ ቀን ሚስታቸውን በሹክሹክታ ሲያሙ ሰምቷቸው «እሺ» አለ። ቀስ በቀስ ግን ምላሳቸው ተፈታ። ቃል መዋጥ ለመዱ። ዓረፍተ ነገር ጀምረው ሳይጨርሱት መተውን፣ በሕይወታቸው ሙሉ የኃጢአት ያህል ይፈሩት የነበረውን፣ ደፈሩት። የተማሩት ነገር ደግሞ መኪናው ውስጥ ብቻ አልቀረም። አንድ ምሳ ላይ «ጨው የት አባቱ ገባ?» ሲሉ መምህርቷ ማንኪያቸውን ይዘው ዞረው፣ ከኋላ ማን እንደገባ አዩ።

በሌላ ቅዳሜ፣ መምህርቷ ሱቅ ገብተው ጋሼ ዜና ውጭ መኪናው ውስጥ ይጠብቃሉ። ዝናብ መስታወቱ ላይ ያካፋል። ምን እንዳሰቡ እንጃ፣ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ ጋ ደውልልኝ እስቲ» አሉት።

«እሺ። በመደወል ላይ ነኝ።»

ከሁለት ጥሪ በኋላ ተነሣ። «አቤት አባዬ?»

«እንዴት ነሽ የኔ እናት? ምን እየሠራሽ ነው?»

«ሄሎ? ይሄ የአባቴ ስልክ ነው። ማን ልበል?»

«እኔው ነኝ ባክሽ፣ አባትሽ።»

«አባዬ? ምነው ድምፅህ? አሞሃል እንዴ? እማዬስ የት አለች?»

«ምንም አልሆንኩም። እናትሽ ሽንኩርት ትመርጣለች፣ እኔ መኪና ውስጥ ነኝ፣ ዝናብ ይዘንባል። ዝም ብዬ ነው የደወልኩት።»

ልጅቷ ለአፍታ አመነታች። አባቷ ዝም ብሎ ደውሎ አያውቅም። ከዚያ በጥንቃቄ፣ እግሯን አሸዋ ላይ እንደሚያሳርፍ ሰው፣ ስለ ሥራዋ ጀመረች። ስለምታስቸግራት አለቃዋ አወራች፤ ስለሚያፈሰው ቧንቧዋ፣ ጎረቤቷ ስላሳደገው ቀበሮ ስለሚያህል ውሻ። ጋሼ ዜና «እህ» አሉ፣ «ተይ እንጂ» አሉ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ምንም አላሉም። ስለ ድምፁ የሚያውቁትን አልነገሯትም፤ የመጣች ቀን ራሷ ትንገራቸው።

መምህርቷ ዘንቢላቸውን ይዘው፣ በነጠላቸው ተሸፍነው ከሱቁ ወጡ። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። መስታወቱን አንኳኩ። ጋሼ ዜና ቀና ብለው አዩዋቸውና ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ፤ ስቱዲዮ ውስጥ ቀዩ መብራት ሲበራ እንደሚደረገው። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አመለከቱ።

ልጅቷ ስለ ቧንቧው አልጨረሰችም ነበር። መምህርቷ ዝናቡ ላይ ቆመው ጠበቁ።